የተሰበረ የፖርሴሊን ስኒ በወርቅ መጠገን፦ ለመጠጫ ወይስ ለማስቀመጫ?

ጥያቄ፦ «ከእናቴ የቀረኝ ነጭ የፖርሴሊን ስኒ ወድቆ አራት ቦታ ተሰበረ። ከአፉ ላይም ጥፍር የምታህል ቁራጭ ጠፍታለች። ጃፓኖች የተሰበረ ዕቃ በወርቅ ይገጥማሉ ሲባል ሰምቼ፣ ኤፖክሲ ማጣበቂያና ወርቃማ ዱቄት ያለበት የመጠገኛ ስብስብ በኢንተርኔት አዝዤ ደርሶኛል። በዚህ ጠግኜው ቡና ልጠጣበት እችላለሁ? ካልሆነ ትክክለኛው አሠራር ምን ይጠይቃል? የምኖረው አዲስ አበባ ነው። አንገቱ የተሰነጠቀ ጀበናም አለኝ፤ እሱስ በዚህ ይድናል?»

ምላሽ፦

በእጅዎ ባለው ስብስብ የተጠገነ ስኒ ቡና አይጠጣበትም፤ ቡፌ ውስጥ ለማስቀመጥ ግን ይሆናል። ስለዚህ ስባሪዎቹን ከመነካካትዎ በፊት ሊጠጡበት ነው ወይስ ሊያዩት፣ ይህን ይወስኑ። ማጣበቂያው፣ ዱቄቱ፣ ወጪውና ጊዜው ሁሉ ይህን ውሳኔ ተከትሎ ይመጣል። ለማየት ብቻ ከሆነ በሁለት በሦስት ቀን ያልቃል። ለመጠጣት ከሆነ ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፤ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈውም እስኪደርቅ በመጠበቅ ነው።

ወርቁን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ኪንትሱጊ በሚባለው በዚህ የጃፓኖች የጥገና ስልት ወርቅ አያጣብቅም። ስባሪን ከስባሪ የሚይዘው ኡሩሺ ነው፤ በቻይና፣ በኮሪያና በጃፓን የሚበቅል የአንድ ዛፍ ልጥ ሲበጣ የሚወርድ ሙጫማ ፈሳሽ ማለት ነው። ጃፓኖች የእንጨት ሾርባ ሳህናቸውን የሚለብጡትም በዚሁ ነው። ወርቁ የሚመጣው መጋጠሚያው ደርቆና ተስተካክሎ ካበቃ በኋላ ሲሆን፣ በላዩ ላይ ይነሰነሳል፤ ጥንካሬ አይጨምርም። መጠኑም እጅግ ጥቂት ነው። የስኒዎ ስብራት ተደምሮ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ መስመሩም 2 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ፣ የሚሸፈነው 4 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ለዚያ ከግማሽ ግራም ያነሰ ወርቅ ይበቃል። በስብስብዎ ውስጥ የመጣው ዱቄት የሻይ ማንኪያ የሚሞላ ከሆነ፣ በተከፈለበት ዋጋ ወርቅ ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ምንድን ነው? ወይ ቀለም የለበሰ ሚካ (የሚያብረቀርቅ ማዕድን) ነው፣ ወይ ናስ። ለመለየት ቁንጥር ዱቄት በነጭ ሳህን ላይ አድርገው ትንሽ ኮምጣጤና ጨው ጨምረው ያሳድሩት። ፈሳሹ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሰማያዊ ካደላ ናስ ነው፤ መዳቡ እየሟሟ ነው ማለት ነው። ቡናም አሲድነት ስላለው ናስ አፍ በሚነካው ቦታ ላይ አይገባም። ሚካ በኮምጣጤ አይለወጥም፤ ለጌጥ ብቻ ይጠቀሙበት።

የኤፖክሲው ችግር ሙቀት ነው። በክፍል ሙቀት የሚደርቅ ተራ ኤፖክሲ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ቢሆንም፣ ከጀበና ወዲያው የተቀዳ ቡና ያን ገደብ አልፎ ይገኛል። መጋጠሚያው በመጀመሪያው ቀን ላይለቅ ይችላል። በየቀኑ ጥቂት እየላላ ይንሸራተታል፣ መስመሩ እየጠቆረ ይሄዳል፣ ከዕለታት አንድ ቀን ትኩስ ቡና የያዘው ስኒ እጅ ላይ ይከፈታል። ከዚህ በላይ የኤፖክሲው ሁለት ፈሳሾች (ሙጫውና ማጠንከሪያው) በትክክል እኩል ካልተለኩና በደንብ ካልተዋሐዱ፣ ያልተዋሐደው ቅሪት ወደሚጠጣው ነገር ይወጣል። ምግብ ቢነካቸው ችግር እንደሌለው የተመሰከረላቸው ኤፖክሲዎች አሉ፤ ነገር ግን ምስክርነቱ ለተወሰነ ሙቀትና ለተወሰነ አደራረቅ የተሰጠ ነው። መመሪያው ላይ ስለ ትኩስ መጠጥ በግልጽ ካልተጻፈ እንደሌለ ይቁጠሩት። ሱፐር ግሉማ ጭራሽ አይታሰብ፤ ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም፣ ሙቅ ውሃና እርጥበትም ቶሎ ያዳክሙታል።

የመረጡት መንገድ የትኛውም ይሁን፣ ዝግጅቱ አንድ ነው። ስባሪዎቹን ገጥመው ለማየት እየደጋገሙ አያፋጩ፤ የፖርሴሊን ጠርዝ በተነካ ቁጥር ይረግፋል፣ የረገፈችው ብናኝ ደግሞ ኋላ ክፍተት ሆና ትመጣለች። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይዘው ጠርዝ ጠርዙን ይጠቡ። የቡና ስኒ ከሌላው ዕቃ የሚለየው በዘይቱ ነው፤ የቡና ዘይት በቆየ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ በዚያ ላይ የተቀባ ማንኛውም ማጣበቂያ አይይዝም። ቡናማው ቀለም ካለቀቀ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የራሰ ጥጥ ላዩ ላይ ያሳድሩ፤ ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው፣ በአልኮል ጠርገው፣ አንድ ቀን ሙሉ ያድርቁ። ከዚህ በኋላ ጠርዙን በጣት አይንኩ።

ትልቁን ስባሪ አንጠልጥለው በጥፍር ቀስ ብለው መታ ያድርጉት። ደህና ፖርሴሊን ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ ከታፈነ ዓይን ያላየው ስንጥቅ አለ፤ ያንን ሳያውቁ ከገጠሙ፣ ፕላስተሩን ሲያጠብቁት በዚያው ይከፈታል።

ቀጥሎ በወረቀት ፕላስተር ብቻ፣ ያለ ማጣበቂያ፣ ስኒውን አንድ ጊዜ ገጥመው ይዩት። ስባሪዎቹን በእርሳስ ከውጭ በኩል ቁጥር ይስጧቸው፤ ቁጥሩ የመግቢያ ተራቸው ይሁን። ይህ የሚደረገው በከንቱ አይደለም። ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ ባለ ሦስት ማዕዘን ስባሪ በጎንና በጎኑ ያሉት ከተጣበቁ በኋላ አይገባም፤ ቢገባም ሌሎቹን ገፍቶ ነው። ከታች፣ ከስኒው እግር ይጀምሩ፤ እግሩን የያዘውን ስባሪ ከጎረቤቱ ጋር፣ ከዚያ ወደ ላይ። ጥፍርዎን በመጋጠሚያው ላይ አቋርጠው ሲያስኬዱ ከያዝዎት ደረጃ ሠርቷል ማለት ነው። በመጀመሪያው መጋጠሚያ ላይ የተፈጠረች የፀጉር ስፋት ያህል ልዩነት አራተኛው ጋ ስትደርስ ዓይን የሚያየው ክፍተት ትሆናለች። በአራት ስባሪ ሥራ አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለማስቀመጫ ከወሰኑ፣ በአምስት ደቂቃ ከሚይዘው ይልቅ ቀስ ብሎ በ24 ሰዓት የሚደርቀውን ኤፖክሲ ይምረጡ፤ አራት ስባሪ ለማስተካከል አምስት ደቂቃ አይበቃም። እኩል ለእኩል ለክተው፣ የዕቃውን ጥግ እየጠረጉ ሁለት ደቂቃ ያህል ያዋሕዱ። በደንብ ያልተዋሐደ ኤፖክሲ ወር ቢቆይም እጅ ላይ መጣበቁን አይተውም። በጥርስ እንጨት ጫፍ በአንዱ ጠርዝ ላይ ብቻ፣ በመሐሉ፣ ቀጭን መስመር ያድርጉ። ሁለቱንም ጠርዝ መቀባት ማጣበቂያውን ያወፍረዋል እንጂ አያጠነክረውም፤ ያ ውፍረት ራሱ ደረጃ ይፈጥራል። ገጥመው ይጫኑና ፕላስተሩን ስብራቱን አቋርጦ፣ ሳብ እያደረጉ፣ ከውጭም ከውስጥም ይለጥፉ። ሩዝ በሞላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ያስደግፉት። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ ኤፖክሲ ይዘገያል፤ ሞቅ ያለ ክፍል ይፈልጉ ወይም ጊዜውን እጥፍ ያድርጉት።

ተርፎ የወጣውን እርጥብ እያለ አይጥረጉ፤ በስኒው ላይ ይለቀለቃል። እንደ ላጲስ ሲጠነክር በምላጭ ይቁረጡት፣ የቀረውን በአሴቶን በራሰ ጥጥ ይጥረጉ። ከዚያ ነው ወርቃማው መስመር የሚመጣው። ብዙዎቹ ስብስቦች ዱቄቱን ከማጣበቂያው ጋር አዋሕደው ይግጠሙ ይላሉ፤ ውጤቱ ወፍራምና ደብዛዛ መስመር ነው። የተሻለው፣ በደረቀው መጋጠሚያ ላይ አዲስ ኤፖክሲ በቀጭን ብሩሽ መሳል፣ መጣበቅ እስኪጀምር መጠበቅ፣ ከዚያ ዱቄቱን በለስላሳ ብሩሽ ላዩ ላይ መነስነስ ነው። ትርፉን በማግስቱ ይጥረጉ። እንዲህ የተሠራ ስኒ ፀሐይ በቀጥታ ከሚያገኘው መስኮት ይራቅ፤ ብርሃን ኤፖክሲን ቢጫ ያደርገዋል።

የእናት ማስታወሻ ከሆነና ወደፊት በኡሩሺ ለማሠራት ካሰቡ ደግሞ ኤፖክሲውን ጨርሶ ባይነኩት ይመረጣል። የሙዚየም ጠጋኞች ለእንዲህ ዓይነቱ ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባል አክሪሊክ ይጠቀማሉ። በአሴቶን ስለሚለቅ፣ ዛሬ የተገጠመው ነገ ያለ ጉዳት ይፈታል። ሙቀት ግን አይችልም፤ ከ40 ዲግሪ ጀምሮ ይለሰልሳል።

አሁን ወደ መጠጫው። ኡሩሺ የሚጠነክረው እንደ ቀለም ውሃው ተንኖ አይደለም። በውስጡ ያለ ኢንዛይም እርጥበትና ኦክስጅን አግኝቶ ፈሳሹን ወደ ጠንካራ ነገር ሲለውጠው ነው። ስለዚህ በደረቅ አየር አይደርቅም፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ፀሐይ ላይ ያሰጣውና ሳምንት ቆይቶ እንደረጠበ ያገኘዋል። የሚፈልገው ከ70 እስከ 80 በመቶ የአየር እርጥበትና ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት ነው። የአዲስ አበባ በጋ ለዚህ በጣም ደረቅ ነው፤ ክረምቱ ደግሞ እርጥበት አያጣም፣ ግን ይቀዘቅዛል። መፍትሔው ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ነው፦ ከታች የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ፣ በላዩ ሽቦ ወይም እንጨት ርብራብ፣ ከጎን ትንሽ የእርጥበትና የሙቀት መለኪያ፤ ሲቀዘቅዝ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ። ጨርቁ ስኒውን አይንካው።

ከመጀመርዎ በፊት ስለ ቆዳዎ። ጥሬ ኡሩሺ ብዙ ሰው ላይ ማሳከክ፣ እብጠትና ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ያመጣል። ምልክቱ የሚወጣው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዘግይቶ ስለሆነ ዛሬ ምንም አልሆንኩም ማለት አያዋጣም። ዛፉ ከማንጎና ከካሹ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ የማንጎ ልጣጭ አፍዎን ወይም እጅዎን የሚያሳክክዎት ከሆነ ኡሩሺ ይብስብዎታል፣ ባይጀምሩት ይሻላል። ለሌላውም ቢሆን የናይትራይል ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ የተሸፈነ ጠረጴዛ። ቆዳ ከነካ በውሃ ከመጀመር በምግብ ዘይት ይጥረጉ፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠቡ። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ግን ይህ ጠባዩ ይጠፋል።

ፖርሴሊን ለኡሩሺ አስቸጋሪ ነው። 1,300 ዲግሪ አካባቢ የሚተኮስ፣ ውስጡ እንደ መስታወት የጠነከረ ዕቃ ስለሆነ ምንም ነገር አይጠጣም። በዝቅተኛ ሙቀት የተተኮሰ ሸክላ ኡሩሺውን ወደ ውስጥ ይስባል፣ እርጥበትና አየርም በገላው በኩል ያልፋል። በፖርሴሊን ላይ ግን አየር የሚገባው በመጋጠሚያው ጠርዝ በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ይጨመራል። አንደኛ፣ የእያንዳንዱን ስባሪ ሹል ጠርዝ በአልማዝ ሞረድ፣ ውሃ እያስነኩ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ መጠን ማዶልዶም ነው፤ ብርጭቆማው ገጽ ሻካራ ይሆንና መያዣ ያገኛል። በደረቁ አይሞርዱ፤ የፖርሴሊን ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። ሁለተኛ፣ ጥሬ ኡሩሺ በጥቂት ተርፐንታይን አቅጥነው ጠርዙን ይቀቡ፣ በጨርቅ ይጥረጉት፣ ከዚያ ስባሪዎቹን ቀዝቃዛ ምድጃ ውስጥ ከተው ቀስ እያሉ ወደ 120 ወይም 130 ዲግሪ ያድርሱና ሁለት ሰዓት ያህል ያቆዩ። በዚህ ሙቀት ኡሩሺ ያለ እርጥበትም ይጠነክራል፣ ብርጭቆማ ገጽንም አጥብቆ ይይዛል። መስኮት ይከፈት፤ ምድጃው ሲጠፋም ስኒው ውስጡ እንዳለ ይቀዝቅዝ። በድንገት ወጥቶ ቀዝቃዛ እብነ በረድ ላይ ከተቀመጠ አዲስ ስንጥቅ ይወጣዋል።

ማጣበቂያው የፉርኖ ዱቄትና የኡሩሺ ድብልቅ ነው። ትንሽ ዱቄት በጠብታ ጠብታ ውሃ ለውሰው፣ እንደ ጆሮ ጫፍ የለሰለሰ ሊጥ ሲሆን፣ በመጠን እኩል የሚሆን ጥሬ ኡሩሺ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ያሹት። ስፓቱላውን ሲያነሱ ክር እየሳበ ከተከተለው ደርሷል። ውሃ ከበዛበት ይቀጥንና አይይዝም፤ ዱቄት ከበዛበት ይጓጉላል፣ መጋጠሚያውም ይወፍራል። በሁለቱም ጠርዝ ላይ በስሱ ይቀቡ (ከኤፖክሲው የሚለየው እዚህ ነው)፣ ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት አየር ያስመቱት፣ ከዚያ ገጥመው በፕላስተር ይሰሩት። ሣጥኑ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይቆይ፤ ፖርሴሊን ስለሆነ አራት ቢሆን ይመረጣል። ወፍራም ከተቀባ ላዩ ቆዳ ይሠራና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን የደረቀ ይመስላል። የኡሩሺው ቱቦ የቆየ ከሆነ የማድረቅ ኃይሉን ሊያጣ ስለሚችል፣ ከሁሉ በፊት በመስታወት ቁራጭ ላይ ጠብታ ቀብተው በሣጥኑ ውስጥ ይሞክሩት። በሁለት ቀን ካልጠነከረ በእናትዎ ስኒ ላይ አይሞክሩት።

የጠፋችው የአፉ ቁራጭ በሁለት ዓይነት ሙሌት ትሞላለች። ጥልቁ ከዚሁ የዱቄት ማጣበቂያ ጋር ደቃቅ የእንጨት ብናኝ ተለውሶ ይሞላል፤ በአንድ ጊዜ ከ2 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፣ እያንዳንዱ ሽፋን ጥቂት ቀናት ይድረቅ። ላዩን የሚያስተካክለው ስቱኮ ደግሞ ቶኖኮ ከሚባል የጃፓን ደቃቅ የድንጋይ ዱቄት ይሠራል፤ ለ10 ግራም ዱቄት፣ በውሃ ከተለወሰ በኋላ፣ 6 ወይም 7 ግራም ያህል ጥሬ ኡሩሺ። ኡሩሺ ካነሰው በውሃ ሲያሹት ይፈረፈራል፤ ከበዛበት ይጨማደዳል፣ ውስጡም አይደርቅም። ከመጋጠሚያው አጠገብ ያሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎችም በዚሁ ይሞላሉ።

ማለስለሱ የሚካሄደው በውሃ በተነከረ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ በ600 ቁጥር ተጀምሮ በ1000 ይጨርሳል። ወረቀቱን ጥፍር በምታህል መጠን ቆርጠው በእንጨት ጫፍ ላይ ይጠቅልሉና መስመሩን ብቻ ይሹ። ብርጭቆ ወረቀት የፖርሴሊኑን አንጸባራቂ ገጽ ይቧጭራል፣ ጭረቱም አይለቅም፤ የጀማሪ ሥራ ከሩቅ የሚታወቀው በመስመሩ ግራና ቀኝ በደበዘዘው ገጽ ነው። ስኒው አፉ ላይ የወርቅ ቀለበት ወይም የአበባ ሥዕል ካለው እሱ ከገጹም ይብሳል፣ በሁለት ማሻሸት ይጠፋል። በፕላስተር ይሸፍኑት።

ከዚህ በኋላ በመስመሩ ላይ ጥቁር ኡሩሺ በቀጭን ብሩሽ ይሳሉ፣ ሁለት ቀን ያድርቁ፣ በቀስታ ያለስልሱ፤ ቢቻል ይህን ሁለት ጊዜ። የመጨረሻው ሽፋን ቀይ ነው፣ በብረት ኦክሳይድ የቀላ ኡሩሺ። እጅግ ስስ ይሁን። ወፍራም ከሆነ ይጨማደዳል፣ ወርቁም ይሰምጥበታል። ሣጥኑ ውስጥ ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያቆዩትና ትንፋሽ ሲያደርጉበት ጭጋግ የሚይዝበትን ጊዜ ይጠብቁ፤ ዱቄቱን የሚቀበለው ያኔ ነው። ቀድመው ከነሰነሱ ወርቁ ወደ ውስጥ ይጠጣና መስመሩ ቡናማ ይሆናል፤ ዘግይተው ከነሰነሱ ምንም አይይዝም። ደቃቁ የወርቅ ዱቄት ኬሺፉን ይባላል፣ ለጀማሪ የሚመቸውም እሱ ነው፤ በሐር ጥጥ ቀስ ብሎ ይለጠፋል፣ ማወልወል አያስፈልገውም። ማሩፉን የሚባለው ክብ ቅንጣት ያለው ዱቄት ወጪው ይበዛል፤ ከደረቀ በኋላ ቀጭን ኡሩሺ ተቀብቶበት በአጌት ድንጋይ ወይም በዓሣ ጥርስ ይወለወላል፣ በአፍ አካባቢም ረጅም ዕድሜ ያለው ይኼኛው ነው።

ከወርቅ ሠሪ የሚገኝ የሞረድ ብናኝ አይሆንም። ቅንጣቱ ሸካራ ነው፣ ብዙ ጊዜም የበየዳና የመዳብ ቅልቅል አለበት። የ24 ካራት የወርቅ ቅጠል በዱቄቱ ምትክ ሊለጠፍ ይችላል፤ ሥሥ በመሆኑ ግን ከንፈር የሚነካው ቦታ ላይ ቶሎ ያልቃል። ገንዘቡ ከከበደ ወርቁን ይተዉት። ቀዩን ወይም ጥቁሩን መስመር እንዳለ መተው በጃፓንም የሚሠራበት ነው፤ ነጭ ስኒ ላይ ጥቁር መስመር ከርካሽ ወርቃማ ቀለም ይልቅ ያምራል፣ በጥንካሬም አያንስም። ብርም ይሆናል፣ ግን ይጠቁራል። ቆርቆሮ (ቲን) ዱቄት ረከስ ይላል፣ ለአፍም ይሆናል።

ሲያልቅ ሽታው እስኪጠፋ ሁለት ሦስት ሳምንት አየር ላይ ያቆዩት። ከዚያ በእጅ ይታጠባል፤ አይዘፈዘፍም፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባም (ወርቁ ብልጭታ ያወጣል)፣ በብረት ሽቦ አይፈተግም።

ስለ ታሪኩ አንድ ማስተካከያ። ኪንትሱጊ እንዴት ተወለደ ሲባል ሁልጊዜ የሚነሣው የጃፓን ወታደራዊ ገዢ (ሾጉን) የነበረው የአሺካጋ ዮሺማሳ (እ.ኤ.አ. 1436–1490) ሳህን ነው፦ ሲሰነጠቅ ቻይና ተልኮ በአስቀያሚ የብረት ማያያዣ ታስሮ ተመለሰ፣ ጃፓኖች ጠልተውት ወርቁን ፈለሰፉ ይባላል። ሳህኑ አሁንም አለ፤ ባኮሃን ይባላል፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በቻይና ሎንግቹዋን የተሠራ ሴላዶን የሚባል አረንጓዴ ልባስ ያለው ሸክላ ሲሆን ቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ምሁሩ ኢቶ ቶጋይ እ.ኤ.አ. በ1727 ስለ እሱ የጻፈው፣ ቻይናዎቹ የሚተካው ሳህን መሥራት ስላልቻሉ ያንኑ በብረት አስረው እንደመለሱት ነው። ወርቅ የለበትም። ሰው የወደደውም ከነብረቱ ነው። ወርቁን ማየት የሚፈልግ ሆንአሚ ኮኤትሱ (እ.ኤ.አ. 1558–1637) የሠራውን ሴፖ የተባለ የሻይ ጎድጓዳ ሳህን ይመልከት፤ እሳት ውስጥ ሳለ የተሰነጠቀው አፉ በወርቅ ተሞልቷል። ያ ግን ራኩ ነው፣ በዝቅተኛ ሙቀት የተተኮሰ ለስላሳ ሸክላ፤ ኡሩሺ የሚወደው ገላ።

የዘመኑ ሠዓሊዎች ዘንድ ደግሞ ደንቡ ሌላ ነው። ኮሪያዊቷ ዪ ሱክዮንግ ሸክላ ሠሪዎች ጉድለት አግኝተውባቸው የሰበሯቸውን የፖርሴሊን ማሰሮዎች ስባሪ ሰብስባ፣ በኤፖክሲ እየገጠመች፣ መጋጠሚያውን በ24 ካራት የወርቅ ቅጠል ትሸፍናለች። የሚወጣው ቅርፅ የትኛውንም የቀድሞ ማሰሮ አይመስልም፤ ያበጠ፣ የተደራረበ፣ አዲስ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ቬኒስ ቢየናሌ በተባለው የሥነ ጥበብ ትርኢትም አሳይታለች። ከነዚህ ማንም አይጠጣባቸውም፣ ስለዚህ ኤፖክሲው ነውር የለውም። እርስዎም ስኒውን ለማየት ብቻ ከፈለጉት በስብስብዎ መሥራትዎ ማጭበርበር አይደለም፤ ወርቅ ነው ብለው ካልሸጡት በቀር።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ሐሳብ ለጠፋችው ቁራጭ። ከዚያው ደርዘን የተሰበረ ሌላ ስኒ ካለዎት ስባሪውን አይጣሉ። ዮቢትሱጊ በሚባለው ስልት የአንዱ ክፍተት በሌላ ዕቃ ስባሪ ይሞላል። ውፍረቱና የጎኑ መጉበጥ የሚቀራረብ ቁራጭ ይምረጡ፣ የክፍተቱን ቅርፅ በሥሥ ወረቀት ላይ ገልብጠው ይለጥፉበት፣ በአልማዝ ሞረድ በውሃ ውስጥ ይቅረጹት። ዙሪያውን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይነስ፤ ክፍተቱ የሙሌት ቦታ ነው። የአበባ ሥዕል ያለበት ቁራጭ በነጩ ላይ ሲገባ እጅግ ያምራል፣ ከእንጨት ብናኝ ሙሌትም ይልቅ አፍ ላይ ይበረታል።

ጀበናውን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፤ አይድንም። ጀበና እሳት ላይ ይቀመጣል። ኡሩሺ የነበልባል ሙቀት ሲያገኘው ይከስላል፣ ኤፖክሲ ደግሞ ከዚያ በፊት ለስልሶ መጥፎ ጭስ ያወጣል። አንገቱ ከእሳቱ ራቅ ቢልም እንፋሎቱና ቡናው በዚያ በኩል ነው የሚያልፉት። ለጌጥ ከሆነ በኤፖክሲ ሊገጥሙት ይችላሉ፤ ሸክላው ስለሚጠጣ መጀመሪያ ጠርዙን በስሱ ቀብተው ያድርቁት፣ ከዚያ በሁለተኛው ቅብ ይግጠሙ። ቡና ለማፍላት ግን አዲስ ጀበና ይግዙ።